የፈጣን ጀልባ ሚዛን ቆማ አይለካም

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ጀልባ ሲጽፍ ማየት አንዳንድ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ያስቃቸው ይሆናል። ይሣቁ፥ ግድ የለም። እኛ ግን ይህን ጉዳይ በመጽሔታችን ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምህንድስና ክፍሎች የሚቀርበውን የመመረቂያ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የሠራው ባለ ቀለም ሥዕል በዛ፥ እጅ የነካው ሙከራ ግን ጠፋ። ሥዕሉ ካማረ ሥራው እንዳለቀ ይቈጠራል። ይህ ልማድ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚያሳይ ምሳሌ ፈልገን ስናስብ፥ በከፍተኛ ፍጥነት በውሃ ላይ የምትንሸራተት ጀልባ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምታደርገውን ውዝዋዜ አስቀድሞ መተንበይን የሚያህል አላገኘንም። ከዚህም ሌላ ነገሩ የሰው ሕይወት አለበት፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የቆመችን ጀልባ የሚሸከማት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም ከአርኪሜድስ ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል፤ የገፋችው ውሃ ክብደት ከራሷ ክብደት ጋር ይተካከላል። ዘንበል ስትል የገፋችው ውሃ ማዕከል ወደ ዘነበለችበት ወገን ይሸሻል፥ የክብደቷ ማዕከል ግን ባለበት ይቀራል፤ የሁለቱ መለያየት ጀልባዋን መልሶ ያቃናታል። መሐንዲሱ ይህን ኃይል የሚመዝንበት አንድ ቁጥር አለው፤ ከክብደት ማዕከል እስከ ሜታሴንትር ያለው ከፍታ ይባላል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጀልባዋ ቶሎ ትቃናለች፥ ትንሽ ሲሆን ትዘገያለች፥ ከዜሮ በታች ሲሆን ግን ቀጥ ብላ መቆም አይሆንላትም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ግን ሌላ ሸካሚ ይመጣል። ልጆች በሐይቅ ዳር ቆመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲወረውሩ ድንጋዩ ወዲያው አይሰጥምም፤ ውሃውን እየመታ፥ እየነጠረ ይሄዳል። ያነሣው አርኪሜድስ አይደለም፥ ፍጥነቱ ነው። ፈጣን ጀልባም እንደዚሁ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ከውሃው ውስጥ ወደ ውሃው ላይ ትወጣለች። ርዝመቷ 10 ሜትር የሆነች ጀልባ በ40 ኖት፥ ማለት በሴኮንድ 20.6 ሜትር ስትሮጥ የፍሩድ ቁጥሯ ከ2 ትንሽ ያልፋል፤ ይህ ቁጥር የሚገኘው ፍጥነቱን ለርዝመትና ለመሬት ስበት ብዜት ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። ጭነት የሚያመላልስ ትልቅ መርከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ወዲህና ወዲያ ነው። የአንዱን ዓለም ሕግ ወደ ሌላው እንዳለ ማሻገር አይቻልም።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ያ የመማሪያ መጽሐፉ ቁጥር ምን ይሆናል? የጀልባዋ ሆድ ብዙው ከውሃ ወጥቶአል። ውሃ የሚነካው ስፋቷና ርዝመቷ አንሶአል። የክብደት ማዕከሏ ከውሃው ፊት ከፍ ብሎአል። የሚያቃናት ኃይል ከእንግዲህ ባብዛኛው የሚመጣው የሽብልቅ ቅርጽ ካለው ሆዷ፥ ከግራና ከቀኝ ወገን ከሚያርፈው ግፊት ልዩነት ነው። ወደ ግራ ስትዘነብል የግራው ወገን ለውሃው ይበልጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀርባል፥ ግፊቱም ይበልጣል፥ መልሶ ያነሣታል። ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ጭነቷ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ወይም ሆዷ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ፥ ቆማ ሳለች እንደ ዓለት የጸናችው ጀልባ አንድ የፍጥነት ልክ ላይ ስትደርስ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብላ ልትቀር ትችላለች፤ ወይም አንዱን የሆዷን ጠርዝ ረግጣ ወደ ሌላው እየተላለፈች እንደ ሰካራም መራመድ ትጀምራለች። እንግሊዞች ይህንኑ በጠርዝ መራመድ ብለውታል። ነጂው መሪውን ለማረም ሲሞክር ከውዝዋዜው ጋር ጊዜው ከገጠመ ደግሞ ያባብሰዋል።

ስለ መርከብ ውዝዋዜ በሥርዓት እንድናስብ ያደረገን እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ ነው። በ1861 ባቀረበው ጽሑፍ መርከብን የሚያወዛውዛት ማዕበሉ ጎኗን ስለሚደበድባት ሳይሆን፥ የውሃው ፊት ራሱ ስለሚያዘነብልና የማዕበሉ ጊዜ ከመርከቢቱ የራሷ የውዝዋዜ ጊዜ ጋር ሲገጥም መሆኑን አሳየ። ከዚያም በቶርኪ ከተማ ረጅም ገንዳ አሠርቶ ከ1872 ጀምሮ የሰም ሞዴል እየጎተተ ይለካ ጀመር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በሴፕቴምበር 1870፥ ካፕቴን የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በስፔን ጠረፍ አጠገብ በሌሊት ተገልብጣ ከ500 ሰው ገደማ የተረፉት 18 ብቻ ነበሩ። ሚዛኗ በዚያው ክረምት ተለክቶ ነበር። ስሌቱም የማቃናት ኃይሏ በ21 ዲግሪ ዝንባሌ ላይ ከፍተኛውን ደርሶ ከዚያ በኋላ እንደሚወርድ ይናገር ነበር። ግን ስሌቱ ሲያልቅ መርከቢቱ ባሕር ላይ ነበረች።

በ1872 ደግሞ ሬሙስ የሚባሉ የገጠር ቄስ፥ ሆዷ ደረጃ ያለው በውሃ ላይ የምትንሸራተት መርከብ ትሠራ ብለው ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐሳብ አቀረቡ። ፍሩድ ሞዴሉን ሞክሮ የዘመኑ ሞተር ሊደርስበት በሚችለው ፍጥነት ጥቅም እንደሌለው አስታወቀ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሞተሩ ገና አልተወለደም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ቶርፔዶ የሚሸከሙ ደረጃ ያላቸው ፈጣን ጀልባዎች ሲሠሩ የቄሱ ሐሳብ ተፈጸመ።

የተንሸራታች ጀልባ ትምህርት ከዚያ ወዲህ ሩቅ ተጉዞአል፤ የተጓዘው ግን በአንድ መንገድ ነው። ቮን ካርማን በ1929፥ ቫግነር በ1932 በባሕር ላይ ስለሚያርፍ አውሮፕላን ሲያስቡ፥ ሽብልቅ ውሃ ላይ ሲወድቅ የሚደርስበትን ግፊት ቀመሩ። በ1964 በሆቦከን የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበረው ዳንኤል ሳቪትስኪ እስከ ዛሬ ጀልባ ነዳፊዎች የሚሠሩበትን ዘዴ አወጣ። ክብደቱን፥ ፍጥነቱን፥ የሆዱን ስፋትና የሽብልቁን ማዕዘን፥ የክብደት ማዕከሉንም ከሰጡት አፍንጫዋ ስንት ዲግሪ እንደሚነሣ፥ ውሃው ምን ያህል እንደሚቃወማት፥ በስንት ፍጥነት ላይ አፍንጫዋ ይነሣ ይወድቅ እንደሚጀምር ይነግራል። የሥራው ትልቅነት አያጠያይቅም። ስለ ጎን ውዝዋዜ ግን አንድ ቃል አይወጣውም፤ ጀልባዋ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ አድርጎ ነው የሚነሣው። ፍሪድስማ በ1969 በማዕበል ውስጥ ያደረገው ሰፊ ሙከራ፥ ዛርኒክም በ1978 ያወጣው፥ ጀልባዋን እንደ ዳቦ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ውሃ ላይ እንደሚወድቅ ሽብልቅ የሚቈጥረው ስሌት፥ ዋና ጉዳያቸው ከፍ ዝቅ ማለትና የአፍንጫ መነሣት ነበር።

ይህ ለምን ሆነ ያልን እንደ ሆነ፥ በበኩላችን ምክንያቱ የሳይንስ ብቻ አይመስለንም። የመጎተቻ ገንዳ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከፊት ለሚመጣ ማዕበል ይመቻል፤ ከጎንና ከሰያፍ ለሚመጣው ግን አይመችም። ገዢውም የሚጠይቀው ስንት ትሮጣለች፥ ስንት ነዳጅ ትጠጣለች ብሎ ነው። ጥያቄው ካልተጠየቀ መልሱን የሚከፍልበት አይገኝም። (ስለ ፈጣን ጀልባ አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው በጃንዋሪ 1967 ዶናልድ ካምቤል በኮኒስተን ሐይቅ ላይ የሞተበትን ፊልም ያስታውሳል። ያቺ ጀልባ አፍንጫዋ ተነሥቶ ወደ ኋላ የተገለበጠች ናትና ለዛሬ ጉዳያችን አይደለችም።)

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ያችኑ 10 ሜትር ጀልባ እንውሰድ፤ ወርዷ 3 ሜትር፥ የሜታሴንትር ከፍታዋ 1 ሜትር ይሁን። ክብደቷ እንደተለመደው የተከፋፈለ ከሆነ የራሷ የውዝዋዜ ጊዜ፥ ማለት ከግራ ወደ ቀኝ ሄዳ እስክትመለስ፥ 2.4 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ከራስ እስከ ራስ 20 ሜትር የሚለካ ማዕበል በጥልቅ ውሃ ላይ በሴኮንድ 5.6 ሜትር ይጓዛል። ጀልባዋ በ40 ኖት ከፊት ስትገጥመው በየ0.76 ሴኮንዱ አንድ ማዕበል ታገኛለች፤ ይህ የተሳፋሪውን ወገብ ይሰብራል እንጂ ለጎን ውዝዋዜ ፋታ አይሰጥም። ከጎን ሲመጣ በየ3.6 ሴኮንዱ ነው። ማዕበሉ በሚሄድበት አቅጣጫ እየቀደመችው ስትሄድ ግን በየ1.33 ሴኮንዱ አንዱን ታልፋለች።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፥ 1.33ንና 2.4ን፥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ዝምድናቸውን ዥዋዥዌ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። በገመዱ ላይ ቆሞ የሚወዛወዝ ልጅ የሚገፋው ሰው ሳይኖር ከፍ ከፍ የሚለው፥ በአንድ ሂያጅና መላሽ ሁለት ጊዜ ጉልበቱን እያጠፈ ስለሚነሣ ነው። የመነሣቱ ጊዜ የውዝዋዜው ግማሽ ነው ማለት ነው። የ2.4 ግማሽ 1.2 ነው፥ 1.33ም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከኋላ ያለ ማዕበል ጎኗን አይነካትም፤ ነገር ግን በማዕበሉ ራስ ላይ ስትሆንና በሸለቆው ውስጥ ስትሆን ውሃ የነካው ሆዷ ይለያያልና የሚያቃናት ኃይል ይጠነክራል፥ ይላላል፥ እንደ ገና ይጠነክራል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን የማቲው እኵልዮሽ የሚሉት ይኸው ነው። በዚህ መንገድ የሚንቀሳቀስ ጉልበት ትልቁንም አይምርም፤ በኦክቶበር 1998 ኤፒኤል ቻይና የተባለችው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ በሰሜን ፓሲፊክ ማዕበሉን ከፊቷ ይዛ ሳለች ወደ ጎንና ወደ ጎን ተወዛውዛ ኮንቴይነሮችን በመቶ የሚቈጠሩ አጥታለች።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆመናል። 1 ሜትር ያላችሁት ከፍታ የቆመች ጀልባ ነው፤ በ40 ኖት ስትሮጥስ ስንት ነው? ይለናል። እኛም ወደዚሁ ጥያቄ ልናመጣው ነበር። የማቃናት ኃይሏ በፍጥነቱ ምክንያት በግማሽ ቢቀንስ የውዝዋዜዋ ጊዜ 3.4 ሴኮንድ፥ ግማሹም 1.7 ይሆናል። ቀድሞ የሚያሰጋት ማዕበል 18 ሜትር ገደማ የነበረው አሁን ወደ 25 ሜትር ተዛወረ። የመሪ ቤት ባለሙያውን ከየትኛው ማዕበል ተጠንቀቅ እንበለው? ቆማ የተለካችውን ጀልባ ቁጥር ይዘን ከነገርነው ደኅናውን ፈርቶ አደገኛውን ይገባበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድናት ውዝዋዜውን የሚያበርደው ኃይል ነው፤ በዚህ ረገድ ፍጥነት ወዳጅ ይሆናል። ጀልባዋ ስትወዛወዝ አንዱ የሆዷ ወገን ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ፊት ከምትሮጥበት ፍጥነት ጋር ተደምሮ ውሃው ያንን ወገን በሰፋ ማዕዘን ያገኘዋል፥ ግፊቱም ይጨምራል። በሚነሣው ወገን ይቀንሳል። ሁለቱም ውዝዋዜውን ይቃወማሉ። በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ኢኬዳና ባልደረቦቹ የመርከብን ማብረጃ ኃይል በየምክንያቱ ከፋፍለው የሚያሰሉበትን ዘዴ አወጡ፤ በ2000 ኢኬዳና ካታያማ ይህንኑ ወደ ፈጣን ተንሸራታች ጀልባ አመጡት። በ1992 ደግሞ ብላውንትና ኮዴጋ የተባሉ አሜሪካውያን በሩጫ ላይ ሚዛናቸውን የሳቱ እውነተኛ ጀልባዎችን ታሪክ ሰብስበው ነዳፊ ሊጠነቀቅባቸው የሚገባውን ልክ አሳተሙ። እነዚህን ሥራዎች ስናነብ የሚገርመን፥ ከሥራዎቹ ሥር የሚገኘው ወይ የገንዳ ሙከራ ወይ የደረሰ ችግር መሆኑ ነው። ማንም በወረቀት ላይ ብቻ አልደረሰበትም። ፍጥነት በአንድ እጁ የማቃናት ኃይሏን ይወስድባታል፥ በሌላው ማብረጃ ይሰጣታል፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከጀልባ ጀልባ ይለያያል።

ኮምፒዩተሩ ሁሉን ፈትቶታል የሚሉ ጓደኞች አሉን። የፈሳሽ እንቅስቃሴን የሚያሰላው ፕሮግራም ዛሬ የጀልባዋን ስድስቱንም እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ሊከተል እንደሚችል እናውቃለን፥ ኃይሉንም አንንቅም። ግን ፕሮግራሙን ያንቀሳቀሱ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ጕድ አለ። ውሃና አየር የሚገናኙበትን ፊት ሲያሰላ፥ በእውነተኛው ውሃ ውስጥ የሌለ አየር በስሌቱ ውስጥ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ሾልኮ ይገባል። ውሃው የሚፈትገው ሆድ በሐሰት ይቀንሳል፥ ቁጥሩም ያምራል። ሥዕሉ ላይ ጠንቅቆ ለማያይ ሰው ይህ አይታይም። ቀጥ ብላ በምትሄድ ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የነዳጅ ሒሳብ ያዛባል። በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ፥ ጠርዟ አንዴ እርጥብ አንዴ ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ፥ ከዚህ የባሰ ሊያሳስት እንደሚችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ከመለኪያ ጋር ሳያስተያይ ያመነ ተማሪ ጀልባ ነደፈ አይባልም፥ ሥዕል ሣለ እንጂ።

የሰው ሕይወት አለበት ያልነው እነሆ። በጁን 10 ቀን 2024 ከሶማሊያ ቦሳሶ ተነሥታ 260 ሰዎች ያሳፈረች ጀልባ በየመን ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች። ከተሳፋሪዎቹ 145ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በማግሥቱ 49 መሞታቸውን፥ 140 መጥፋታቸውን አስታወቀ። በኦገስት 2025 እንደ ገና፥ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች በዚያው የየመን ጠረፍ አለቁ። ይህን ስንጠቅስ የውዝዋዜ ስሌት ስደትን ያስቀራል ማለታችን አይደለም፤ ሰውን ለዚያ ጉዞ የሚያበቃው ምን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የተጫነች ትንሽ ጀልባ መንሸራተት አቅቷት በውሃው ውስጥ ስትዳክር ሚዛኗ ምን እንደሚሆን፥ 130 ሰው እያንዳንዱ 60 ኪሎ ሆኖ በድንጋጤ አንድ ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢሸሽ 7.8 ቶን ሜትር የሚያዘነብል ኃይል እንደሚወልድ ማስላት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው። እነሱን ለማዳን የሚሮጡትም ፈጣን ጀልባዎች ናቸው፥ በሩጫ ጊዜ ሚዛናቸውን ማወቅ ለነጂዎቹ የቅንጦት ነገር አይደለም። በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የጥበቃ ጀልባዎቹን ከምጽዋ ያሰማራ ነበር፤ በ1996 ከፈረሰ በኋላ በ2018 እንደ ገና እንዲቋቋም ሐሳብ ቀርቦአል። ጀልባውን ከውጭ መግዛት ይቻላል። የገዙት ጀልባ በስንት ኖት ላይ እንደሚከዳ የሚፈትን ሰው ግን ከዚሁ ከእኛ መካከል መገኘት አለበት።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከምህንድስና ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ አንድ ትንሽ ሥራ እንዲጀመር እንጠይቃለን። ሚሊዮን የሚያስወጣ ገንዳ አላልንም። የዚያች 10 ሜትር ጀልባ አንድ አሥረኛ ሞዴል 1 ሜትር ነው፤ ጀልባዋ 5 ቶን ከሆነች ሞዴሉ 5 ኪሎ ይመዝናል። በመዋኛ ገንዳ ውስጥ 10 ዲግሪ አዘንብሎ መልቀቅ፥ ከዚያ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ስንት እንዳነሰ መቍጠር ነው። የሞዴሉ የውዝዋዜ ጊዜ 0.76 ሴኮንድ ገደማ ስለሚሆን ዓይን አይከተለውም፥ በኪስ ስልክ የሚነሣ ዝግ ያለ ፊልም ግን በሚገባ ይከተለዋል። ጠርዟ ስለታም በሆነ ጀልባ ላይ ውሃው የሚላቀቅበት ቦታ በጠርዙ የተወሰነ ነውና የሞዴሉ ትንሽነት ይህን መለኪያ ብዙ አያዛባውም።

ይህ የቆመችው ጀልባ ቁጥር ነው፥ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ቀጥሎ ያለው ይከብዳል፤ 40 ኖት በሞዴሉ ልክ በሴኮንድ 6.5 ሜትር ነው፥ በገንዳ ውስጥ በእጅ ተጎትቶ አይደረስበትም። እዚህ ላይ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን ዕድለኞች ናቸው፥ ሐይቁ ደጃቸው ነው። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፥ ከሞተር ጀልባ ጎን ወደ ውጭ በተዘረጋ ረጅም እንጨት ሞዴሉን ከጎታቹ ጀልባ ማዕበል አርቆ መጎተት፥ በየፍጥነቱ አዘንብሎ መልቀቅ፥ የማቃናቱንና የማብረዱን ቁጥር ከገንዳው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። የክብደት ማዕከሉን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ እያደረጉ መድገም። በየትኛው ፍጥነት ላይ ሞዴሉ ሳይቃና እንደሚቀር ሲታይ ያንኑ ፍጥነት ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ምን እንደሚል መጠየቅ ይቻላል። የሁለቱ መልስ ቢለያይም ባይለያይም ይህ መጽሔት ሰንጠረዡን ለማተም ገጽ አያጣም። ለእንጨቱና ለማጣበቂያው የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ሞዴሉንም ወደ ሐይቁ ለማድረስ ሁለት ሰው ይበቃል።